ደብተሩ ለሐምሌ ብቻ አይከፈትም

ባለፈው ዓመት ከ18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ሱቅ የነበረው አንድ ጎረቤታችን ወደ አኼራ ሄደ። አላህ ይዘንለት። ሃያ ዓመት ሲነግድ ሚዛኑን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ከመርካቶ የመጣ አንድ አከፋፋይ ልጁን ወደ ጎን ጠርቶ፣ አባቱ ለዘይትና ለዱቄት 86 ሺህ ብር እንደሚቀርባቸው በትሕትና ነገረው። ልጁ ሱቁን ከፍቶ ከባንኮኒው ሥር አንድ የብስኩት ካርቶን አወጣ። በውስጡ የደበዘዘ ደረሰኝ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ የተጻፈ ቁጥርና ስም የሌለው ስልክ ሞልቷል። 86 ሺሁን የሚያረጋግጥ ወይም የሚያስተባብል ግን አንድም ነገር አልተገኘም።

ሟቹ በዱቤ ከሰጧቸው ሰዎች መካከል መጥተው “አለብኝ” ያሉት አራት ናቸው። ከአራት በላይ እንደሆኑ ሰፈሩ ያውቃል። እነማን እንደሆኑ ግን የሚያውቁት የሞቱት ሰውዬ ብቻ ነበሩ። ባለቤታቸው “ካልከፈልን እሱ ይያዝብናል፤ ከከፈልን ደግሞ ለየቲሞቹ ምን ይተርፋል?” ሲሉ ሰማሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሐምሌ ገባ። የዓመቱ ሽያጭ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ልጁ የሚያየው ያንኑ ካርቶን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ካርቶን ነው። በኮልፌ ከአስር ሱቅ ስንቱ እንዲህ ያለ ካርቶን እንዳለው እያንዳንዳችን እናውቃለን። ስለ ሒሳብ መዝገብ ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰኔ ሲያልቅ እንሯሯጣለን፤ ነሐሴ ላይ እንረሳለን። ዘንድሮ ግን ይህ ልማድ ከወትሮው የበለጠ ያስከፍላል። ምክንያቱን ከሕጉ እንጀምር።

ሕጉ ምን ለወጠ?

በ2008 በወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ነጋዴው በሦስት ደረጃ ተከፍሎ ነበር። ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው “ሀ”፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ያለው “ለ”፣ ከ500 ሺህ በታች ያለው ደግሞ “ሐ” ይባል ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ሻይ ቤትና ልብስ ሰፊ አብዛኛው ራሱን “ሐ” ብሎ የሚጠራ ነበር። “ሐ” ደግሞ የሚከፍለው በግምት ስለሆነ ‘መዝገብ ለእኔ ምን ያደርጋል?’ ይል ነበር።

የተወካዮች ምክር ቤት ሐምሌ 10 ቀን 2017 ያጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ደረጃዎቹን ሁለት አደረጋቸው። መስመሩም ዓመታዊ 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። ከዚያ በላይ ያለው “ሀ” ሆኖ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ከዚያ በታች ያለው “ለ” ሆኖ በዓመታዊ ሽያጩ ላይ ተመሥርቶ በሚሰላ ግምታዊ ግብር ይስተናገዳል።

2 ሚሊዮን ብር ሲባል የትልልቅ ነጋዴዎች ነገር ይመስላል። ለ365 ቀን ሲካፈል ግን በቀን ወደ 5,480 ብር ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ትርፍ አይደለም፤ ሽያጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱ፣ የስኳሩና የሳሙናው ዋጋ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው፣ መካከለኛ የሰፈር ሱቅ ይህን ቁጥር በቀላሉ እንደሚነካው ይረዳል። ዕቃው ሳይጨምር ዋጋው ስለጨመረ ብቻ ነጋዴው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ትርፉ ያው ሆኖ ሳለ ግዴታው ይቀየራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሱቅ በቀን 6,000 ብር ይሸጣል እንበል። ዓመቱን ሙሉ እንደከፈተ ከተቆጠረ 2,190,000 ብር ይሆናል፤ መስመሩን አልፏል። ነገር ግን ባለሱቁ በሁለቱ ዒዶች፣ በሕመም፣ በለቅሶና አገር ቤት በሄደበት ጊዜ በድምሩ 45 ቀን ዘግቶ ከነበረ፣ የሠራው 320 ቀን ነው። ሽያጩም 1,920,000 ብር ነው፤ መስመሩን አላለፈም። ልዩነቱን ያመጣው ተንኮል አይደለም፤ የተዘጋባቸው ቀኖች መጻፋቸው ነው። ያልጻፈ ነጋዴ ግን “አርባ አምስት ቀን ዘግቼ ነበር” ብሎ በቃሉ ቢናገር ማን ያምነዋል?

ካለፈው የተማርነው

ይህ ሁኔታ አዲስ አይደለም። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ውጤት ለነጋዴው ሲደርስ የሆነውን አብዛኞቻችን እናስታውሳለን። ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው ጠይቀውና ዓይተው የቀን ገቢ ገምተው ነበር። ቁጥሩ ሲታወቅ በአዲስ አበባ ከፍተኛ ቅሬታ ተነሣ። በኦሮሚያም እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ግምቱ በዛብኝ ያለው ነጋዴ ብዙ ነበር፤ ብዙዎቹም እውነታቸውን ነበር። ይሁን እንጂ “በቀን የምሸጠው ይህን አይደለም” ያለ ሰው “ታዲያ ስንት ነው?” ሲባል ሌላ ግምት ከማቅረብ ሌላ የሚያሳየው አልነበረውም። ግምት በግምት አይሸነፍም።

ሕጉም በዚህ በኩል ግልጽ ነው። በ2008 የወጣው የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 በግብር ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ግን የተጣለው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። በ21 ቀን ውስጥ የአንድ ዓመት መዝገብ አይሠራም። ዓመቱን ሙሉ የተጻፈ ደብተር ግን በዕለቱ ይቀርባል።

ደረሰኝ የሌለው ዕቃ

እዚህ ላይ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። የ18 ማዞሪያ ባለሱቅ ዕቃ የሚያመጣው በአብዛኛው ከመርካቶ ነው። ደረሰኝ ሲጠይቅ “ከፈለግህ በዚህ ዋጋ ውሰድ፤ ደረሰኝ ካልክ ሌላ ዋጋ ነው” የሚባልበት ጊዜ አለ። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከከፈለው በታች የሚሆንበት ጊዜም አለ። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠናከር በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው የነበሩት ይህ ችግር ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። ቸርቻሪው በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ላይ የጠፋው ደረሰኝ የሚጠየቀው ታች ነው።

ስለዚህ ቁጥጥሩ ከቸርቻሪው ሳይሆን ከአስመጪውና ከአከፋፋዩ እንዲጀምር መጠየቅ የነጋዴው መብት ነው። ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ ግን ቸርቻሪው እጁ ላይ ያለውን ማድረግ ይችላል። ደረሰኝ ከሚሰጥ አከፋፋይ መግዛትን ማስቀደም፣ ክፍያን በባንክ ወይም በቴሌብር መላክ፣ ማን መቼ ምን ያህል ዕቃ እንደሸጠለት በዕለቱ መጻፍ ይችላል። ይህ ሕጋዊ ደረሰኝን አይተካም። ሆኖም ባዶ እጅ ከመቅረብ በእጅጉ ይሻላል።

ሁለት ደብተር

አንድ የማንሸሸው ጥያቄ አለ። “እውነተኛውን ከጻፍኩ እጎዳለሁ፤ ሌላው አሳንሶ እየተናገረ እኔ ለምን?” የሚል ወንድም ጥቂት አይደለም። አንዳንዱም ለራሱ አንድ፣ ለመንግሥት ሌላ ደብተር ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ ግብር ዘካ ስላልሆነ ብደብቅም ወንጀል የለውም ይላል።

የግብሩ መጠን በዝቷል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ ሕጉ ይሻሻል ማለትም ይቻላል። በሐሰት ቁጥር ላይ “ይህ እውነት ነው” ብሎ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ የቁርጥ ውሸት ነው። ሚዛን ያላጎደለ እጅ በብዕር ሲያጎድል ሙስሊሙ ነጋዴ የታወቀበትን አማና ያጣል። በተግባርም ሁለት ደብተር የያዘ ሰው ከጊዜ በኋላ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ለራሱም ይምታታበታል፤ ልጆቹ ደግሞ ጭራሽ አያውቁትም።

ዘካ ሐምሌን አይጠብቅም

ደብተሩ ለመንግሥት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የንግድ ዕቃ ዘካ አለበት። ኒሷብ የሞላለት (85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር ዋጋ ያለው ንብረት ያለው) ነጋዴ፣ የጨረቃ ዓመቱ ሲዞር ያለውን ቆጥሮ 2.5 በመቶ ያወጣል። የሚቆጠረው ለሽያጭ የተቀመጠው ዕቃ በዕለቱ የገበያ ዋጋ፣ በእጅና በባንክ ያለው ገንዘብ፣ እንዲሁም ይመለሳል ተብሎ ተስፋ የሚደረግበት ዱቤ ነው። መደርደሪያው፣ ፍሪጁና ሚዛኑ አይቆጠሩም።

ለምሳሌ በሱቁ 400 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ፣ 60 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብና 40 ሺህ ብር የሚመለስ ዱቤ አለ፤ ድምሩ 500 ሺህ ነው። ባለሱቁ ለአከፋፋዮች 120 ሺህ ብር ዕዳ አለበት። ሐነፊዮች ዕዳው ይቀነሳል ስለሚሉ በእነርሱ መንገድ የ380 ሺህ ዘካ 9,500 ብር ይሆናል። በሻፊዒዮች ዘንድ በሚመረጠው አቋም ዕዳ ዘካን ስለማይከለክል 12,500 ብር ይሆናል። የትኛውን እንደምትከተሉ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። ሁለቱም መንገድ ግን የሚጀምረው ከቁጥር ነው። “በግምት ትንሽ አወጣሁ” ማለት የድሃውን ሐቅ በግምት መስጠት ነው። መንግሥት ገቢያችንን በግምት ሲወስን የምንቆጣ ሰዎች የድሆችን ሐቅ በግምት ማውጣት አያምርብንም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ የሂጅራ ዓመት ግን ከእሱ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ዘካውን ከግብሩ ጋር ሐምሌ ላይ የሚያሰላ ሰው በየዓመቱ 11 ቀን ያዘገያል። በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ሙሉ ዓመት ዘካ ይጠፋል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የዘካ ቀናችሁን በሂጅራ ጻፉ። ዕቃ ቆጠራውንም በዓመት ሁለት ጊዜ አድርጉት፤ አንዱ ለዘካ ቀን፣ አንዱ ለሰኔ 30።

ዱቤና ውርስ

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው ነው። የሚናገረውም ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትሰልቹ ይላል፤ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ባለዕዳው ራሱ እንዲያስጽፍ፣ ምስክር እንዲኖር ያዛል። እጅ በእጅ ለሚያልቅ ግብይት ባይጻፍ ኃጢአት እንደሌለውም ያው አንቀጽ ይገልጻል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስኳር በጥሬ የሸጠ ሰው ባይጽፍ አንቀጹን ጣሰ አንልም። ዱቤው ግን በቀጥታ ይመለከተዋል። ዘካን ማውጣትና ለሰው ያለበትን መክፈል ያለ መዝገብ የማይሳካ ከሆነ ደግሞ፣ ዑለማዎቻችን እንዳስተማሩን ግዴታ የሚፈጸምበት መንገድ ራሱ ግዴታ ይሆናል።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ባለበት ሰው ጀናዛ ላይ ራሳቸው ከመስገድ ተቆጥበው፣ ከሶሓባዎቹ አንዱ ዕዳውን ሲረከብ እንደሰገዱ የታወቀ ነው። የዕዳው መጠን ሁለት ዲናር ነበር። በውርስም ቢሆን የወራሾች ድርሻ የሚከፈለው ዕዳና ኑዛዜ ከተነሡ በኋላ ነው። ዕዳው ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ የሚከፈል ውርስ፣ ወንድማማቾችን ከሚያጣሉ ነገሮች ሁሉ ከባዱ ነው። በሽርክና የጀመሩ ወንድማማቾች ሲለያዩም የሚሆነው ይኸው ነው። ጠቡ የሚጀምረው ከክፋት ሳይሆን እያንዳንዱ የየራሱን ከማስታወሱ ነው።

በቀን አሥር ደቂቃ

ታዲያ ምን ይደረግ? ለአነስተኛ ሱቅ ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም። መስመር ያለው ደብተርና ከዒሻ በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

አንደኛ፣ የዕለቱን ሽያጭ በሦስት ከፍላችሁ ጻፉ፦ በጥሬ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ፣ በዱቤ። ሱቁ በተዘጋ ቀን ባዶ አትለፉት፤ “ዝግ” ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ።

ሁለተኛ፣ የዱቤ ክፍያ ሲመጣ እንደ አዲስ ሽያጭ አትመዝግቡት። ዕቃው የተሸጠ ቀን ተጽፏል። ሁለት ጊዜ ከጻፋችሁት ባልሸጣችሁት ላይ ግብር ትከፍላላችሁ። ለዱቤ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ባለዕዳውም አጠገቡ ይፈርም።

ሦስተኛ፣ ግዢን ከወጪ ለዩ። ለዕቃ የወጣው ግዢ ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ ለጫኝና አውራጅ የተከፈለው ወጪ ነው። ወደ ቤት የወሰዳችሁት አስቤዛና ገንዘብ ደግሞ ሁለቱም አይደለም፤ ለብቻው ይጻፍ። ብዙ ሱቅ የሚከስረው በገበያ ሳይሆን ባልተጻፈ አስቤዛ ነው።

አራተኛ፣ የሱቁንና የግላችሁን የባንክና የቴሌብር ሒሳብ ለዩ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ሁሉም ነገር በአንድ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የዕቁብ ዕጣ፣ ዘመድ ከዓረብ አገር የላከው፣ ለድሆች እንድታከፋፍሉ የተሰጣችሁ ዘካ፣ የሱቁ ሽያጭ ሁሉ በአንድ ሒሳብ ሲገባ ከውጭ ለሚያየው ሁሉም ሽያጭ ይመስላል።

አምስተኛ፣ ደረሰኝ ይደበዝዛል። በመጣበት ቀን ፎቶ አንሱት፤ ዋናውን በወር በወር በፖስታ አስቀምጡ። የግብር ሰነድ ቢያንስ ለአምስት ዓመት መቀመጥ እንዳለበት አትርሱ።

ይህን ያደረገ ነጋዴ ሌላም በር ይከፈትለታል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ከጀመረ፣ ሂጅራ ባንክም ከተከተለው ወዲህ ከወለድ ነፃ ፋይናንስ ለማግኘት እንመኛለን። ነገር ግን ሙራባሓም ሆነ ሙሻረካ የሚሰጥ ተቋም ሥራው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማየት ይፈልጋል። ካርቶን ይዞ የሚቀርብ ነጋዴ ሐላል ፋይናንስ የለም ብሎ ማማረር አይችልም።

ጸሐፊው ማን ይሁን?

አስተማሪ ሳለሁ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋ ነበር። አንድ ቀን ደብተሯን ስገልጥ ከኋላ በኩል ስምና ብር ተደርድሮ አገኘሁ። ተቆጣኋት። “ኡስታዝ፣ አባዬ መጻፍ አይችልም፤ ማታ ማታ እየነገረኝ እኔ ነኝ የምጽፍለት” አለችኝ። ያን ቀን ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። የበቀራው አንቀጽ ባለዕዳው ራሱ ማስጻፍ ካልቻለ ወልይው በፍትሕ ያስጽፍለት ይላል፤ ያቺ ልጅ ደግሞ በዚያች ትንሽ ሱቅ ውስጥ የጸሐፊውን ድርሻ ይዛ ነበር። ያጠፋችው ነገር ቢኖር የሱቁን ሒሳብ በሳይንስ ደብተር ላይ መጻፏ ብቻ ነው።

በየቤታችን አካውንቲንግ ተምረው ሥራ የሚፈልጉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። መጻፍ የሚከብዳቸው አባቶችና በጉሊት የሚተዳደሩ እናቶችም አሉ። የመስጂድ ጀመዓዎቻችን እነዚህን ማገናኘት ይችላሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ነጋዴው ደብተሩን ይዞ የሚመጣበት፣ የተማረው የሚያይለት፣ የዘካ ጥያቄ ያለው ኡስታዙን የሚጠይቅበት ሰዓት ቢኖር ወጪው ሻይ ብቻ ነው። ለጁሙዓ ኹጥባም ከረመዷን በፊት የንግድ ዘካ አቆጣጠርን፣ ከሰኔ በፊት ደግሞ የዕዳ መጻፍን ጉዳይ ማንሳት ይቻላል።

በመነሻችን ላይ ያየነው ልጅ አሁን ሱቁን ይዟል። ለአከፋፋዩ 86 ሺሁን በየወሩ እየከፈለ ነው፤ አባቱ በአላህ ዘንድ እንዳይያዙ ፈርቶ ያለ ማስረጃ አመነ። ባንኮኒው ላይ ግን ዛሬ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእናቱና የታናናሾቹ ስም ተጽፏል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው “ነገ ካርቶን እንዳይፈልጉ” አለኝ።

አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን፤ የሰው ሐቅ አንገታችን ላይ ሳይኖር ከእርሱ ጋር ያገናኘን። ወላሁ አዕለም።